ከፋሲካ እስከ ፋሲካ

ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ማንቸስተር ዩናይትድን እንደሚለቁ የተነገረው በፋሲካ ሳምንት ነው። ሚያዝያ 30 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ቤተ ክርስቲያን አልዓዛርን የምታስብበት ዕለት። በዚያ ሳምንት በእኛ አራት ከተሞች፣ በነፋስ መውጫም ሆነ በአርብ ገበያ፣ በወገዳም ሆነ በመካነ ኢየሱስ ጥድፊያ የሚባል ነገር የለም። የጋኑ ጠላ ገና አልነጠፈም፤ የቅርጫው ሥጋ ቋንጣ ሆኖ ተሰቅሏል፤ ዘመድ ዘመዱን ይጠይቃል። እንዲህ ባለ ሳምንት የመጣ ወሬ አድማጭም ተከራካሪም አያጣም። ወሬው ደግሞ እንደዋዛ የሚታለፍ አልነበረም። ሰውዬው ሥራ የጀመሩት በጥቅምት 1979 ዓ.ም. ነው። እሳቸው እዚያው ኦልድ ትራፎርድ ተቀምጠው እዚህ መንግሥት ተለውጧል፤ ክልልና ወረዳው ስሙን ቀይሯል፤ የእነዚህ ከተሞች ልጆች ተወልደው፣ አድገው፣ ወልደው ሌላ አሰልጣኝ አያውቁም።

የማንቸስተር ደጋፊ አዘነ። ይህ የሚጠበቅ ነው። የገረመኝ የአርሰናል ደጋፊ ነው።

መጀመሪያ ጨፈረ። «ተገላገልን!» አለ። የጭፈራው ድምፅ ሳይበርድ ግን ያንኑ የሚሸኘውን ሰው ማወደስ ያዘ። 13 የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ፤ 2 የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ፤ በጠቅላላው 38 ዋንጫ። በ1991 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በባከኑ ደቂቃዎች ባየር ሙኒክ መረብ ውስጥ የገቡትን ሁለት ጎሎች ማን እንዳሻማቸው፣ ማን በግንባሩ እንደነካቸው፣ ማን እንዳስቆጠራቸው ከማንቸስተሩ ደጋፊ ይልቅ አሳምሮ ተረከ። ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. ቡድኑ 8 ለ 2 የተሸነፈበትን ቀን ራሱ አነሣው፤ ማንም ሳይጠይቀው። ትናንት «ያ ሰውዬ» ሲለው የነበረውን ሰው በዚያ ሳምንት «እሳቸው» አለው።

ወዳጅ ያጋንናል፤ ባላንጣ ግን የሚመሰክረው የቀመሰውን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ አሰልጣኝ ምን ያህል ትልቅ እንደነበረ ማወቅ የፈለገ ሰው የራሱን ደጋፊ ሳይሆን የተቃራኒውን ደጋፊ በስንብቱ ቀን ቢያዳምጥ ይሻለዋል። ለቅሶው ብዙ አይነግርም፤ የእፎይታው ልክ ግን የፍርሃቱን ልክ ያሳያል።

ኳስ ቤቶቻችንን ለማያውቅ ትንሽ ላሳየው። ግድግዳው ጭቃ ወይም ቆርቆሮ ነው፤ መቀመጫው ከባሕር ዛፍ የተሠራ አግዳሚ። ደጁ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ቆሞ የዕለቱ ጨዋታዎች በጠመኔ ይጻፉበታል፤ «ከቀኑ 9፡30»፣ «ከምሽቱ 2፡30» እያለ። ያን ሰሌዳ ቆም ብሎ ላነበበው ባለቤቱ የማን ደጋፊ እንደሆነ ሳይጠይቅ ያውቃል፤ የራሱ ክለብ ጨዋታ ምንጊዜም ከሁሉ በላይ፣ በትልልቁ ተጽፎ ይገኛል። ነፋስ መውጫ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጉና በኩል የሚመጣው ብርድ በቆርቆሮው ስንጥቅ ይገባል። ተመልካቹ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይቀመጣል። ማልያው ከጋቢው ሥር ነው። ጨዋታው እየሄደ ሳለ ማን ከማን ወገን እንደሆነ በዓይን አይለይም፤ ጎል ሲገባ ግን ግማሹ ጋቢ ይገለጣል፣ ግማሹ ይበልጥ ይጠቀለላል።

የማንቸስተር ማልያ ላይ ያለችው ሹካ የያዘች ቀይ ሰይጣን በዚህ አካባቢ የራሷ ታሪክ አላት። የጋይንት እናቶች ልጃቸውን ከሰይጣን በጸበልና በጸሎት ሲጠብቁ ኖረው፣ ልጁ ሰይጣን ደረቱ ላይ ለጥፎ ከገበያ ይመለሳል። ማልያውን አገልብጠው የሚያጥቡ፣ አገልብጠው የሚያሰጡ እናት አውቃለሁ፤ ሰይጣኗ ወደ ውስጥ፣ ስፌቱ ወደ ውጭ። ልጃቸውን አይቆጡትም። የአሰልጣኙን መልቀቅ በሰሙ ጊዜ ግን «ልጄ ሲያዝን አየሁት፤ ሽማግሌው ደግ ሰው ነበሩ መሰለኝ» አሉ።

በማግስቱ ግንቦት 1፣ የልደታ ንፍሮ ደጅ ላይ በሚቀቀልበት ቀን፣ ተተኪው ዴቪድ ሞዬስ መሆኑ ታወጀ። የስድስት ዓመት ውል ተሰጠው። እሱን የመረጡት ራሳቸው ፈርጉሰን ናቸው፤ በኦልድ ትራፎርድ የመጨረሻ ጨዋታቸውን ጨርሰው ማይክ ሲይዙም ደጋፊው ከአዲሱ አሰልጣኝ ጎን እንዲቆም ለመኑ። እንግሊዝ አገር ያለው ደጋፊ «የተመረጠው» የሚል ጨርቅ ሰቀለለት። የእኛው ኳስ ቤት ግን ውሉንም ልመናውንም አልጠበቀም። ገና አንድ ጨዋታ ሳይመራ ፍርዱ ወጥቶ አደረ።

ይህ አካባቢ ሙግት ያውቃል። በላ ልበልሃ የተባለው የድሮ ክርክር በእነዚህ ወረዳዎች ሽማግሌዎች አንደበት ዛሬም ለዛው አልጠፋም፤ ያን ለዛ የወረሰው ወጣት ኳስ ቤት ውስጥ ይጠቀምበታል። አንዱ ተነሥቶ ነገሩን ይከፍታል፤ ሌላው ይሰማና ይመልሳል፤ ዳር የተቀመጠው እንደ ዳኛ «እሱስ ልክ ነው» ይላል። የሽማግሌዎቹ ሙግት ግን አንድ ነገር ነበረው፤ ተከሳሹ ሳይሰማ አይፈረድም ነበር። ሞዬስ ላይ ሳይሰማ ተፈረደ። ኤቨርተንን 11 ዓመት መርቶ አንድም ዋንጫ አላነሣም፤ ይኸው ክሱም ማስረጃውም ሆነ።

ቀጥሎ የሆነው ነው እስከ ዛሬ የሚያሳስበኝ። በ2006 የውድድር ዘመን ማንቸስተር መውደቅ ጀመረ። የራሱ ደጋፊ ሞዬስን ሲያማርር፣ ከሞዬስ ጎን በጽናት የቆመው የአርሰናልና የሊቨርፑል ደጋፊ ሆነ። «ስድስት ዓመት ተፈራርሟል፤ ውል ይከበር» ይላል። «ጊዜ ይሰጠው» ይላል። በመካነ ኢየሱስ አንድ የማንቸስተር ደጋፊ የሆኑ አዛውንት መምህር በአንድ ሽንፈት ማግስት አሰልጣኙን ሲወቅሱ፣ ጎናቸው የተቀመጠ ባጃጅ ነጂ የአርሰናል ወጣት፣ «ጋሼ፣ ሞዬስን እንዳይነኩብን!» አላቸው። መምህሩ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «አይ ልጄ፣ አንተ የምትጠብቅልኝ ሰው ለእኔ አይሆነኝም» ሲሉ መለሱ።

ከዚህ የተሻለ ትንታኔ በዚያ ዓመት ከራዲዮም ከቴሌቪዥንም አልሰማሁም።

የካቲት 2 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ማንቸስተር በሜዳው ከሠንጠረዡ ግርጌ ላይ የተቀመጠውን ፉልሃምን ገጠመ። ተጫዋቾቹ ከ80 ጊዜ በላይ ኳስ ከመስመር ወደ ግብ አካባቢ አሻሙ። ከግራ ያሻማሉ፣ ከቀኝ ያሻማሉ፤ የፉልሃም ተከላካዮች በግንባር ይመልሳሉ። በመጨረሻ በባከኑ ደቂቃዎች ፉልሃም አቻ አደረገና 2 ለ 2 ተለያዩ። በእኛ ኳስ ቤት በዚያ ዓመት መብራት በጠፋ ቁጥር ለጄኔሬተሩ ቤንዚን ቀድሞ ኪሱን የሚዳብሰው የአርሰናል ደጋፊ ነበር። የሚከፍለው ማንቸስተር ሲሸነፍ ማየቱ እንዳይቋረጥበት ነበር። የማንቸስተሩ ደጋፊ በዚያ ጊዜ «ዛሬ ይብቃን፣ ብርዱም ጨምሯል» ይላል።

መጋቢት 20 ቀን ከኦልድ ትራፎርድ ሰማይ ላይ ሞዬስ ይውጣልን የሚል ጨርቅ የሚጎትት አውሮፕላን አለፈ። ቡድኑ ያን ቀን አስቶን ቪላን 4 ለ 1 አሸነፈ፤ አውሮፕላኑን የተከራዩት ግን የራሱ ደጋፊዎች ነበሩ። እዚህ የባላንጣው ደጋፊ ሲከላከልለት፣ እዚያ የራሱ ወገን ሲያባርረው።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። በ2006 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ዋለ። የሁለት ወሩ ጾም ተፈትቶ፣ ሰው ጠግቦ፣ አመሻሽ ላይ ኳስ ቤት ሲገባ ማንቸስተር በኤቨርተን ሜዳ ይጫወት ነበር። ኤቨርተን የሞዬስ የቀድሞ ቤት ነው። 2 ለ 0 ተሸነፈ። ማክሰኞ ሚያዝያ 14 ቀን ከሥራው ተሰናበተ። ማክሰኞ በፋሲካ ሳምንት የቶማስ መታሰቢያ ነው፤ እጄን ከቁስሉ ካላገባሁ አላምንም ያለው ሐዋርያ። ሞዬስን የቀጠሩት ሰዎች በ51 ጨዋታ፣ በ27 ድልና በ15 ሽንፈት ማመን አቅቷቸው አሰናበቱት። ከፋሲካ ሳምንት እስከ ፋሲካ ሳምንት፣ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ያን ዕለት የአርሰናል ደጋፊ ከልቡ ተከፋ።

ከዚያ ወዲህ ይህን መለኪያ ይዤ ብዙ አሰልጣኞችን አይቻለሁ፤ ሲሳሳት አላየሁትም። አዲሱን አሰልጣኝህን ባላንጣህ ከወደደው ፍራ። ባላንጣህ ስሙን ሲሰማ ፊቱ ከጠቆረ ደስ ይበልህ። የራስህ ልብ ይዋሻል፤ በሁለት ድል ያብጣል፣ በአንድ ሽንፈት ይሟሽሻል። ባላንጣህ ግን የሚፈራውንና የማይፈራውን ይለያል።

ይህ አገር ተተኪን መመዘን የጀመረው በኳስ አይደለም። የጋይንቷ ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት። ድጓ የተማረ ሰው ከትግራይም ይምጣ ከሸዋ፣ ከጎጃምም ይምጣ ከወሎ፣ እዚያ ደርሶ ሲያስመሰክር ነው ሙያው የሚጸናለት። እንዲህ ባለ ጉባኤ ቤት ስማቸው አገር ያዳረሰ መምህር ሲያርፉ፣ ቦታቸውን የሚረከበው ብዙ ጊዜ ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ የተማረ ነው። ያን ጊዜ ተማሪው በየጎጆው ቁራሹን እየቆረሰ ያንሾካሹካል፤ «የቀድሞው የኔታ ይቺን ምልክት እንዲህ ነበር የሚያዜሟት» ይባባላል። ከሌላ ጉባኤ ቤት የመጣ ተማሪም ይሰማና የራሱን መምህር ከፍ ያደርጋል። ክርክሩ ከኳስ ቤቱ ክርክር ብዙ አይርቅም።

ልዩነቱ ጊዜው ላይ ነው። ድጓ ከዮሐንስ ተነሥቶ፣ በአስተምህሮ አልፎ፣ በፋሲካ በኩል ዓመቱን ይዞራል። መምህሩን አውቀዋለሁ የሚል ሰው ዓመቱን ሙሉ አብሮት ሊዘልቅ ግድ ነው፤ የመስቀሉን ሰምቶ የጾመ ድጓውን፣ የሆሣዕናውን ሰምቶ የትንሣኤውን ሳይሰማ መፍረድ አይችልም። በአንድ ሌሊት ማኅሌት የደከመ ድምፅ መምህሩን አያስነቅፈውም። ተማሪውም ያውቀዋል፤ ስለዚህ ያንሾካሹካል እንጂ አይፈርድም። አንሾካሽኮ ይማራል፤ ሲውል ሲያድር አዲሱ መምህር ለሚቀጥለው ትውልድ «የቀድሞው የኔታ» ይሆናል።

ኳሱ ይህን ትዕግሥት የሚያውቅበት ጊዜ ነበረው። ራሳቸው ፈርጉሰን ሦስት ዓመት ያለ ዋንጫ ቆይተዋል። በ1982 ዓ.ም. በኅዳር መጨረሻ የማንቸስተር ደጋፊ የሦስት ዓመት ሰበብ በቃን፣ ደህና ሁን የሚል ጨርቅ ይዞ ስታዲየም ገብቶ ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት የእንግሊዝ ኤፍኤ ካፕን አነሡ፤ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያገኙት በ1985 ነው። አርሰን ቬንገር በመስከረም 1989 ዓ.ም. ከጃፓን መጥተው አርሰናልን ሲይዙ አንድ የለንደን ጋዜጣ አርሰን የሚባለው ማን ነው ሲል በርዕሱ ጠየቀ። በ1990 የሊጉን ዋንጫ ወሰዱ፤ በ1994 ደገሙ፤ በ1996 ዓ.ም. 38 ጨዋታ ሳይሸነፉ ሠለሱት። ዛሬ ተተኪዎች የሚለኩባቸው ሁለት ሰዎች ራሳቸው አንድ ጊዜ በጨርቅና በጋዜጣ የተፈረደባቸው ነበሩ።

ቬንገር እንደሚለቁ ያስታወቁት ሚያዝያ 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው፤ በሚካኤል። አሁን ተራው ተገለበጠ። የማንቸስተሩ ደጋፊ ያለመሸነፉን ዓመት፣ ሄንሪን፣ ቪዬራን፣ ቤርካምፕን ማወደስ ጀመረ፤ እሱም «እሳቸው» አለ። ሳምንታት አልፈው ኡናይ ኤምሪ ተሾመ። በመጀመሪያው ዓመት በሁሉም ውድድር ለ22 ጨዋታ ሳይሸነፍ ቆየ፤ ያን ጊዜ የማንቸስተሩ ደጋፊ ስሙን ማንሣት አልወደደም። በግንቦት 2011 ግን በባኩ የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ቼልሲ 4 ለ 1 አሸነፈው፤ በሚቀጥለው ዓመት መስከረምና ጥቅምት ነገሩ ተበላሸ። በወገዳና በአርብ ገበያም «ኤምሪ ይቆይልን» የሚለው ድምፅ ከማንቸስተር ወገን ተሰማ። የመካነ ኢየሱሱን መምህር አስታወስኩ። ኅዳር 19 ቀን 2012 ዓ.ም. ኤምሪ ተሰናበተ።

ሞዬስና ኤምሪ ግን በተሰናበቱበት አልቀሩም። በ2013 ዓ.ም. ኤምሪ ቪላሪያልን ይዞ በዩሮፓ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ አርሰናልን አሰናበተ። ግንቦት 18 ቀን በፖላንዷ ግዳንስክ በፍጻሜው የገጠመው ማንቸስተር ዩናይትድን ነበር፤ 1 ለ 1 ተለያይተው በመለያ ምት 11 ለ 10 አሸነፈ። አንዱ «አይችልም» ብሎ አባሮት፣ ሌላው «ይቆይልን» ብሎ ስቆበት፣ ሁለቱንም በአንድ ወር ውስጥ ከመንገዱ አስወጣቸው። ሞዬስም ግንቦት 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ዌስትሃምን ይዞ ፕራግ ላይ ፊዮረንቲናን 2 ለ 1 አሸንፎ የኮንፈረንስ ሊግ ዋንጫን አነሣ። ዌስትሃም ትልቅ ዋንጫ ሲያነሣ ከ43 ዓመት በኋላ ነበር። ያን ሌሊት ሞዬስ ሜዳ ላይ ሲሮጥ ያየ ሰው ኦልድ ትራፎርድ ላይ የጎደለው ችሎታ እንዳልነበር ይረዳል። እዚያ የጎደለው ከታላቅ ሰው በኋላ ለሚመጣ ሰው የሚያስፈልገው የልብ ስፋት ነው፤ የሱ ልብ ሳይሆን የተቀባዮቹ።

በአገራችን ኳስ ይህን ሕመም እናውቀዋለን። በዚያው በ2005 ዓ.ም.፣ ጥቅምት 4 ቀን፣ አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ አሰልጣኙ ሰውነት ቢሻው ነበሩ። ለዓለም ዋንጫም ከናይጄሪያ ጋር እስከ መጨረሻው የመለያ ጨዋታ አደረሱን። በ2006 ተሰናበቱና ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ተተኩ። ባሬቶ ባማኮ ድረስ ሄደው ማሊን 3 ለ 2 አሸንፈዋል፤ ግን ለአፍሪካ ዋንጫ አላለፉምና አንድ ዓመት ያህል ቆይተው ሄዱ። ከዚያም ተተኪው በተተኪ ተለወጠ፤ ዋልያዎቹን እንደገና አፍሪካ ዋንጫ ላይ ያየናቸው ከ9 ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ፣ በውበቱ አባተ ዘመን ነው። ብሔራዊ ቡድን የአገር ውስጥ ባላንጣ የለውም፤ ሁላችንም በአንድ ወገን ተቀምጠን እንፈርዳለን። ባላንጣ በሌለበት ችሎት ውስጥ ፍርዱ ይበልጥ ይቸኩላል፤ «ቆይ፣ ይህን ሰው እኔ እፈራዋለሁ» የሚል ሰው የለማ።

ክለብ ላይ ግን አለ። በእነዚህ ወረዳዎች ፋሲል ከነማንም ባሕር ዳር ከነማንም የሚደግፍ አይጠፋም። ውበቱ አባተ ፋሲልን በ2011 ዓ.ም. ለሻምፒዮንነት አንድ እርምጃ እስኪቀረው አድርሰው ሲሄዱ ሥዩም ከበደ ተተኩ፤ በ2013 ዓ.ም. ፋሲል በታሪኩ የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አነሣ። «የተዘጋጀ ማዕድ ላይ ነው የተቀመጡት» ሲባል ሰምቻለሁ። ማዕዱ የተዘጋጀ ቢሆን እንኳ፣ ለታላቅ ሰው ተተኪ ሆኖ የተዘጋጀውን አለማበላሸት በራሱ ሙያ ነው። ሞዬስን የጣለው የዚህ ክብደት ነው። የተረከበው ሻምፒዮን ቡድን ነበር።

የሊቨርፑሉ አሰልጣኝ የየርገን ክሎፕ ስንብት ዜና የወጣው ጥር 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ የጥምቀት በዓል ካለፈ ሳምንት ሳይሞላ። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከክረምቱ ጀምሮ ተዘግቶ ስለነበር ወሬው በስልክ አልመጣም፤ በራዲዮና በሳተላይት ቴሌቪዥን መጣ፤ ከዚያ ሰው ለሰው። ያ ጊዜ በብዙ ነገር የከበደን ጊዜ ነበር። መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ኳስ ቤትም ሲዘጋና ሲከፈት፣ ሰው ለአንድ ሰዓት ተኩል ሌላ ሐሳብ የሚያስብበት ቦታ አግኝቶ መከራከሩ ራሱ እንደ በረከት የሚቆጠር ነበር። ያን ሁሉ አልፎ «ክሎፕ ሊሄድ ነው» የሚለው ወሬ ወገዳ ሲደርስ አሁንም የገረመኝ የባላንጣው ንግግር ነው። የማንቸስተሩም የአርሰናሉም ደጋፊ «ጥሩ ሰው ነበር» አለ።

ክሎፕ ግን ከእሱ በፊት የነበሩት ያልደረሱበትን አንድ ነገር አደረገ። ግንቦት 11 ቀን በአንፊልድ የመጨረሻ ጨዋታውን ጨርሶ ማይክ ሲይዝ፣ ስለ ራሱ ብቻ ተናግሮ አልወረደም፤ የሚተካውን የአርኔ ስሎትን ስም እያዜመ ደጋፊውን አብሮት አስዘመረ። ፈርጉሰን ለተተኪያቸው ለምነዋል፤ ክሎፕ ዘመረለት። ልመና ደጋፊውን ተራ ያስጠብቃል፤ መዝሙር ግን ያንቀሳቅሰዋል። የጉባኤ ቤት ሰዎች ይህን ያውቁታል። የሚያርፉት የኔታ «ከእኔ በኋላ እሱን ስሙት» ብለው ተማሪያቸውን በሕዝብ ፊት የመረቁ እንደሆነ አዲሱ መምህር በግማሽ ጸጥታ ሥራውን ይጀምራል።

የማንቸስተሩ ደጋፊ ስሎትን ሲያይ «ይኸማ ሌላ ቴን ሃግ ነው» አለ፤ የራሱን ቡድን አሰልጣኝ ማለቱ ነው፤ ሁለቱም ከኔዘርላንድ መጥተዋልና። እስከ ጥቅምት ይህንኑ ይደግም ነበር። በኅዳር ዝም አለ። በጥር አካባቢ ስለ ዳኞች ማማረር ጀመረ፤ እኔም ያን ጊዜ ስሎት እንደተሳካለት አወቅሁ። ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በዳግም ትንሣኤ፣ ሊቨርፑል ቶተንሃምን 5 ለ 1 አሸንፎ አራት ጨዋታ እየቀረው ዋንጫውን ወሰደ። 20ኛው ነበር፤ ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር እኩል አደረገው። ሞዬስ በአንድ ፋሲካ ሳምንት ተሹሞ በሌላው ፋሲካ ሳምንት ወድቆ ነበር፤ ይህ በዳግም ትንሣኤ ዘውድ ጫነ።

ዋንጫው እንደተነሣ «የክሎፕ ቡድን ነው» ተባለ። እውነት አለው፤ በዚያ ዓመት ከገዟቸው ተጫዋቾች ቡድኑን ለውጧል የሚባል የለም። ግን ያን ያለው አፍ ሞዬስን ምን ብሎት ነበር? «የፈርጉሰንን ቡድን አፈራረሰው» ነው ያለው። ተተኪው ሲያሸንፍ ድሉ ለሄደው፣ ሲሸነፍ ጥፋቱ ለመጣው። እንዲህ ባለ ሚዛን ላይ ማንም ሰው ቀንቶት አይወርድም። ይህን ግፍ የሚሠራው ባላንጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ አያሳስበኝም ነበር፤ ባላንጣ ሥራው ነው። የራሱ ወገን ያንኑ ሚዛን ሲዋስ ግን አሰልጣኙ መጠጊያ ያጣል። በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ሊቨርፑል ሽንፈት ሲደራረብበት በሚያዝያ ዋንጫ የሳመው ደጋፊ «ክሎፕ ቢኖር» ማለት ጀመረ፤ የማንቸስተሩ ደጋፊ ደግሞ «ስሎት ይቆይልን» አለ። ባላንጣው ለመለኪያው ታማኝ ነው። ታማኝነት የጎደለው የራሱ ወገን ነው።

ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ማንቸስተር ሲቲን የያዘው ፔፕ ጓርዲዮላም አንድ ቀን ይሄዳል። ያን ቀን በእነዚህ አራት ከተሞች ምን እንደሚባል ከወዲሁ አውቃለሁ። የአርሰናሉ፣ የሊቨርፑሉና የዩናይትዱ ደጋፊ መጀመሪያ ይጨፍራል፤ በማግስቱ ያወድሳል፤ በሦስተኛው ቀን በአዲሱ ሰው ይስቃል። ይሁን። ለሲቲ ደጋፊና ለማንኛውም ተራው ለሚደርሰው ወገን ግን አንድ ነገር ልንገር። ፍርድ አትስጡ አልልም፤ ኳስ ያለ ፍርድ አይጣፍጥም። በእኛ አገር ሽምግልና ከባድ ነገር ሲመጣ ሽማግሌው አይፈርድም፣ ቀጠሮ ይሰጣል። ተከሳሹ ወገኑን ይዞ እንዲመጣ፣ ምስክሩ እንዲሰማ፣ የጋለው ደም እንዲበርድ። ለተተኪ አሰልጣኝም አንድ ሙሉ ዓመት ስጡት፤ ክረምቱንም በጋውንም፣ ድሉንም ሽንፈቱንም ይዞ እስኪቀርብ። ቀጠሮው ሲደርስ የመጀመሪያ ምስክር አድርጋችሁ የባላንጣችሁን ደጋፊ ጥሩ። እሱ «ይቆይላችሁ» ካላችሁ አሰናብቱት። ስሙን ሲሰማ ከተቆጣ ግን ማንም ቢጮህ አትልቀቁት።